አገረሸበት እንጂ አገረሸችበት ያላሉት እመት ዘነበች

ገድል ለጻድቅ፣ ዜና ለንጉሥ ይጻፋል እንጂ ለባላገር ሴት ማን ይጽፋል የምትሉ ካላችሁ፣ ገና ሳልጀምር ወደየቤታችሁ ለመሄድ መንገዱ ክፍት ነው፤ ለመስማት የቆማችሁ ግን እስከ መጨረሻው ቁሙ፣ በመካከልም ማጉረምረም አልወድም። እኔ መምሬ ገብረሥላሴ ሙላቴ፣ የቀጭን ውሃ ኪዳነ ምሕረት ቄስ፣ በፊታችን በቃሬዛ ላይ ያሉት የእመት ዘነበች ሙላቴ ታናሽ ወንድም ስሆን፣ ይህን ዜና ሕይወት ዳዊት ስጽፍ በተረፈኝ ብራና ላይ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ሐሰት አገኘሁበት የሚል ሽማግሌ ቢኖር እዚሁ በአስከሬናቸው ፊት ያርመኝ። በሕይወት ሳሉ እውነቱን በፊታቸው የሚናገር ስላልተገኘ ነው ነገሩ እስከ ዛሬ ተድበስብሶ የኖረው።

እመት ዘነበች፣ የክርስትና ስማቸው ወለተማርያም፣ ከአባታቸው ከመሪጌታ ሙላቴና ከእናታቸው ከእመት አበበች በሺህ ሰባት መቶ ዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ሐምሌ በገሳይ ተወለዱ። በተወለዱበት ሳምንት ዝናቡ ሳያባራ ስለ ሰነበተ ዘነበች ተባሉ፤ አባታችንም ይህች ልጅ እንደ ሐምሌ ሰማይ አንዴ ከጀመረች የሚያቆማት የለም እያሉ ይቀልዱባቸው እንደ ነበር እናታችን ትናገር ነበር ብለው የነገሩኝ እመት ዘነበች ራሳቸው ናቸው፣ እኔ እናቴን አላውቃትምና።

ስለ ትምህርታቸው የሚጻፍ ብዙ የለም፤ ፊደል አልቆጠሩም፣ ዳዊት አልደገሙም። ነገር ግን አባታችን የባሕረ ሐሳብ መምህር ነበሩና፣ ደቀ መዛሙርቱ በዓላትንና አጽዋማትን በጣታቸው አንጓ ሲያወጡ፣ እመት ዘነበች እንጨት ሲያቀብሉ ውሃ ሲያጠጡ ሰምተው ቆጠራውን ከተማሪዎቹ ቀድመው ያዙት። ወር ሙሉ በቃላቸው ነበር፤ አምስት አቦ፣ ሰባት ሥላሴ፣ አሥራ ሁለት ሚካኤል፣ አሥራ አራት አረጋዊ፣ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ እያሉ ማን መቼ እንደ ታመመ፣ የማን ላም መቼ እንደ ተጠቃች፣ በየትኛው ሚካኤልም እንደምትወልድ ሳይሳሳቱ ይናገሩ ነበር። ጎረቤት የሆነ ሁሉ ቀን ሲጠፋው ወደ ቄሱ ሳይሆን ወደ እርሳቸው ይሄድ ነበር፤ ይህን ስናገር ቄሱ እኔ ነኝና አላፍርም።

እናታችን ስትሞት እኔ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበርሁ። እርሳቸው አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷቸው፣ የታጩበት የሠርግ ቀን ተቆርጦ ሳለ፣ ይህ ልጅ ጡት የተወ እንጂ እናት የተወ አይደለም ብለው ሠርጉን ሁለት ዓመት አስቆዩ። የቆሎ ተማሪ ሆኜ ስወጣ ስንቄን የቋጠሩ፣ ለምድ የሰፉልኝ፣ ስመለስም ከደጅ ወጥተው የተቀበሉኝ እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ እኔ ዛሬም እንደ ልጅነቴ እቴቴ ብዬ ነው የማስባቸው።

በዚያን ጊዜ አጭቷቸው የታገሣቸው ሰው ጌጡ ወርቁ ይባል ነበር፣ እዚህ ቀጭን ውሃ፣ ከደብረ ታቦር ወደ እብናት በሚያወርደው መንገድ ዳር ጤፍና ገብስ የሚያርስ ባላገር ነው። ወደዚህ መጥተው ሰባት ልጆች ወለዱ፤ አምስቱ በሕፃንነታቸው ሲያልፉ እሸቴና ዓለሚቱ አደጉላቸው። ባላቸው ጌጡ በደረት ሕመም ካረፈ በኋላ ቤቱን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን በልጃቸው በእሸቴ ጉልበትና በራሳቸው ቆጠራ አቆሙት። በዚህ ደብር ሸንጎ ላይ ሴት ቁማ አትናገርም የሚለውን ደንብ ስንት ጊዜ እንዳፈረሱት ሽማግሌዎቹ ታውቁታላችሁ፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው የሚሉት ሁልጊዜ፣ ነገሩም ከሥሩ ሳይያዝ ከሸንጎ አይነሡም ነበር።

አሁን ወደ ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ሁለት፣ ወደዚያ ዘመነ ዮሐንስ እመጣለሁ፤ እግራችሁን የምታነሣሡትን አያችኋለሁ። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን ባደረጁበት በዚያ ዘመን ግንድ ከየአጥቢያው ይጓጓዝ ነበርና፣ እሸቴም ወደ ጋፋት ግንድ ሲጎትት ወገቡን ተቀጨ። ፈንታነሽ የምትባል የእብናት ልጅ አግብቶ ገና አራት ወሩ ነበር። መስቀል ካለፈ በኋላ ወደ ጠበላችን ወርዶ ሰባት ቀን ተጠመቀ፤ ወገቡም ዳነ። ጠበሉን የሚነካ ቃል ከእኔ አይወጣም፣ ከእመት ዘነበችም አፍ አንድ ቀን አልወጣም። እሸቴ ግን በእነዚያ ሰባት ቀናት ያደረው በጠበልተኞች ጎጆ ነበር። ያም ጎጆ የደብራችን ገበዝ የፈንታሁን አባት በስለት ያሠሩት፣ የቀድሞውን የፍየል በረት የድንጋይ ግድግዳ እንዳለ ይዞ በላዩ ሣር የተከደነበት፣ በግድግዳው ሥር ዙሪያውን መደብ ያለው እንደ ነበር የማታስታውሱት ልጆች ብቻ ናችሁ።

እሸቴ በጥቅምት አቦ ቀን ብርድ ብርድ አለው፣ ከዚያም እንደ እሳት ነደደ፤ በሥላሴ ቀን ደግሞ ላቡ ቁርበቱን እስኪያርስ ወርዶ ለቀቀው። ተመስገን ብለን ተነሣን። ትኩሳት የለቀቀው ሰው እስኪጠና ድረስ ፀሐይ እንዳያይ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው እንዳይገባበት፣ ሚስቱም እንዳትቀርበው የአባቶቻችን ልማድ ነውና እመት ዘነበች ሁሉን ጠበቁ፤ ልጃቸውን በጓዳ አስተኙት፣ ምራታቸውንም ከማዶ አስተኟት፣ ራሳቸው በመካከል ቁርበት አንጥፈው ተኙ። በአረጋዊ ቀን ትኩሳቱ ተመለሰ። በኪዳነ ምሕረት ለቀቀው። በጊዮርጊስ እንደ ገና ተመለሰ፣ በማግስቱም በተክለ ሃይማኖት ቀን እሸቴ ጌጡ በሃያ ስድስት ዓመቱ ዐረፈ። እናቱ ሲያለቅሱ ማንም ያልሰማው ለዚህ ነው፤ ይቆጥሩ ነበር።

በእኛ አገር በሽታ ሲመለስ ምን መጣበት አይባልም፣ ማን ገባበት ነው የሚባለው። ገና ሠልስቱ ሳይወጣ ፈንታነሽ ሳይጠና ቀርባው ነው፣ ጥላዋን ጥላበት ነው ተባለ፤ ሰውም ሁሉ አገረሸበት ማለቱን ትቶ አገረሸችበት ማለት ጀመረ። አንዲት «ች» ናት የተጨመረችው። እኔ ሰዋስው ተምሬአለሁ፣ ባለቤቱን ከተሳቢው እለያለሁ፣ ሆኖም ያችን ፊደል በሰው አፍ ስሰማ ዝም አልሁ። በሰባተኛው ቀን ጸሎት ማግስት ሽማግሌዎች ተሰብስበው ፈንታነሽ እስከ ባሏ አርባ ድረስ ብቻ እንድትቆይ፣ ከዚያም ያለ ምንም ነገር ወደ አባቷ አገር እንድትሸኝ ፈረዱ። እንዲህ ተብላ የተባረረችን ሴት እብናት ላይም ሆነ ሌላ ቦታ የሚያገባት፣ እሳት የሚያጫጭራት እንደማይኖር ፈራጆቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። ፅንስ መያዟ በታወቀ ጊዜ ደግሞ ይኸው ምስክሩ በሆዷ አለ ብለው ደስ አላቸው፤ እመት ዘነበች በጣታቸው ቆጥረው ፅንሱ የሐምሌ መሆኑን ቢነግሯቸው የሰማቸው የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር ነገሩ።

አርባው ታኅሣሥ ሦስት ይውላል። እመት ዘነበች የቀራቸውን ቀን ቆጠሩና ወደ ጠበልተኞች ጎጆ ወረዱ። በዚያ ማሬ የሚባል የአንበሳሜ ሰው፣ የንጉሡ ጭፍራ፣ ቁስሉን ሊታጠብ መጥቶ በዚሁ ትኩሳት ወድቆ አገኙት። ሚስት የለውም፣ ዘመድ አልጠየቀውም፣ ጥላ የሚጥልበት ቢፈለግ ከራሱ ጋሻ በቀር ምንም አልነበረውም፤ እርሱም ሦስት ቀን ነድዶ፣ ከለቀቀው በሰባተኛው ቀን አገርሽቶበታል። እሸቴን አቦ ተቀይሞት ነው፣ አረጋዊም ተከትሎታል ያላችሁ ደግሞ ነበራችሁና፣ የማሬ ቀን ከአቦም ከአረጋዊም ቀን ጋር አልገጠመም። እመት ዘነበች የተኙበትን ቦታ አንድ በአንድ ጠየቁ። በግድግዳው ሥር በመደቡ ላይ የተኙት ታመዋል፤ መደቡ ሞልቶባቸው ውጭ ወይራው ሥር ያደሩት ድሆች አልታመሙም። ያን ጊዜ ወስፌ ይዘው የድንጋዩን ስንጥቅ መውጋት ጀመሩ።

ከስንጥቁ ያወጡት መዥገር ነበር። ከብት ያረባን ሁላችን መዥገር እናውቃለን፣ ከላም ጡት ሥር ስንለቅም አድገናል፤ ይህ ግን ከብት ላይ ተጣብቆ የሚከርመው አይደለም፣ አመድ የመሰለ፣ እንደ ባቄላ ገለባ የተጠፈጠፈ፣ ሰው ሲተኛ ከድንጋዩ ወጥቶ እስኪጠግብ ጠጥቶ እንደ አተር ክብ ሆኖ ወደ ስንጥቁ የሚመለስ ነው። ስለዚህ በሰውነቱ ላይ ያገኘው ማንም የለም፤ እርሳቸው የግድግዳ መዥገር አሉት። ሃያ ሰባቱን በትንሽ ቅል ከትተው አፉን በጨርቅ አስረው ወደ ሽማግሌዎች ወሰዱ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ፤ መዥገር የሚገድል ቢሆን ኖሮ እረኛ ሁሉ ባለቀ ነበር አሉ፣ በተለይ ገበዝ ፈንታሁን የአባታቸው የስለት ጎጆ በመዥገር ስም መነሣቱ አስቆጣቸው።

እመት ዘነበች አልተከራከሩም። ልጅ የሞተባትን ሴት ቀልድ አይመልሳትም። በኅዳር አምስት ቀን ወደ ጎጆው ገብተው፣ እሸቴ በተኛበት በዚያው መደብ ላይ ክንዳቸውን ገልጠው ሦስት ሌሊት አደሩ፣ ከዚያም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በኅዳር አሥራ ሦስት ቀን ብርዱ ጀመራቸው፣ በአሥራ አምስት አላባቸውና ለቀቃቸው። በአሥራ ሰባት ቀን ዋንዛው ሥር ወደ ተቀመጠው ሸንጎ መጡና፣ ትኩሳቱ በኅዳር ጽዮን ማግስት፣ በሃያ ሁለት ቀን እንደሚመለስባቸው ተናገሩ። ባል የለኝም፣ ጾመ ነቢያት ስለ ገባ ቅባት አልቀምስም፣ ቤቴን ዝጉት፣ በደጄ ሰው አስቀምጡ፣ የማንም ጥላ አይረፍብኝ፣ ከዚያ ቢያገረሽብኝ በማን ታሳብባላችሁ አሉ።

ማን ይናገር የነበረ እንዲሉ፣ በደጃቸው ጠባቂ ሆነን የተቀመጥነው ገበዝ ፈንታሁንና እኔ ነን። አምስት ቀን ሙሉ ከደጁ አልተነሣንም፤ ንፍሮና ውሃ በመስኮቱ ስንጥቅ እናቀብል ነበር፤ ውሻ እንኳ አልገባም። የኅዳር ጽዮን ዕለት ከውስጥ ሆነው ሲያዜሙ ሰማናቸው፣ ደኅና ነበሩ። በማግስቱ ቀትር ላይ ዜማው ቆመ፣ ጥርሳቸው ሲንቀጫቀጭ እስከ ደጅ ይሰማ ጀመር። ገበዝ ፈንታሁን ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ እኔም ፊቴን ወደ መሬት። ያን ጊዜ በልቤ እውነቱን አውቄ ነበር፣ እግዚአብሔርም ማወቄን ያውቃል።

ሦስቱን ቀን ነድደው ሲለቃቸው በሰው ተደግፈው ወደ ዋንዛው ሥር መጡ። መዥገሩ በደም ውስጥ በዓይን የማይታይ አንዳች ዘር ጥሎ ይሄዳል፣ ዘር ደግሞ ዘሪው ከሄደ በኋላ ቀኑን ጠብቆ ነው የሚበቅለው፣ አንድ ጊዜ ብቻም አይበቅልም ብለው አስረዱ። እኛ ግን የሠራነውን ስሕተት ከእኛ በቀር ሌላ አገር የሚሠራው አይመስለኝም። ያልተሳሳተው ቆጠራቸው ራሱ ክስ ሆነባቸው፤ የትኩሳትን ቀን የሚያውቅ ትኩሳትን የላከ ብቻ ነው፣ እንግዲያውስ ምራቲቱ ብቻ ሳትሆን አማቲቱም አለችበት ተባለ። እመት ዘነበች ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩና፣ «ሐምሌ ሲገባ ዝናብ እንደሚመጣ ሁላችሁ ታውቃላችሁ፤ ዝናቡን የምትልኩት እናንተ ናችሁ?» አሉ። መልስ ሲያጡ የሚቆጡ ሰዎች አሉ፣ እኛም እንደዚያው ተቆጣን።

በታኅሣሥ መባቻ ትኩሳቱ ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰባቸው፣ በሦስተኛው ቀንም የእሸቴ አርባ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ፈንታነሽን ወደ እብናት የሚወስድ አህያ አስጭነው ከደጃቸው አቆሙ። እመት ዘነበች ከተኙበት ተነሥተው፣ የበሩን መቃን በሁለት እጃቸው ይዘው በደፉ ላይ ቆሙ፤ ክብደታቸው ከአንድ ቁና ገብስ አይበልጥም ነበር። አህያ ነጂው እጃቸውን ለማላቀቅ አልደፈረም። ቆይተው ወጡና አህያውን ፈትተው ወደ ገበዝ ፈንታሁን የገብስ ማሳ ነዱት፤ ሰው ሁሉ አህያውን ለማስወጣት ሲሮጥ እርሳቸው ፈንታነሽ ወዳለችበት ገብተው በሩን ዘጉ። ከዚያ ቀን በኋላ ያን በር ልግፋ ያለ አልተገኘም።

ጎጆው ግን ነበረ፣ ሰውም ይተኛበት ነበር። ለጥምቀት በዓል የሚመጣው ጠበልተኛ ብዙ መሆኑን ያውቃሉና እመት ዘነበች በጥር አሥራ አንድ ቀን፣ ታቦታቱ ወንዝ ወርደው ሳለ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ ወደ ጎጆው ሄዱ። በውስጡ የነበሩትን አራት ሕመምተኞች ከፈንታነሽ ጋር ሆነው አንድ በአንድ ተሸክመው ወይራው ሥር አስተኙ፤ ቁርበታቸውን በፀሐይ አሰጡ፤ ከዚያም ሣሩን ለኮሱት። እሳቱ ካለቀ በኋላ የጋለውን ድንጋይ በዶማ ፈነቃቀሉት። ታቦቱን አጅበን ስንመለስ ዶማው በእጃቸው ነበር፤ አልሸሹም፣ አልካዱም።

በተከታዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዚህ በቆምንበት ደጅ እመት ዘነበች ሙላቴ ከፈንታነሽ ጋር ተገዘቱ። ያቃጠልሁት በክፋት ነው፣ በሽታውም የተመለሰው በምራቴ ነው እስኪሉ ድረስ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገቡ፣ ሥጋ ወደሙ እንዳይቀበሉ፣ ማንም ከእነርሱ ጋር ማዕድ እንዳይቆርስ ተባለ። ግዝቱን ያወጣው የእኔ አፍ ነው። ሌላ ቄስ ነው የምል መስሏችሁ ከነበረ ተሳስታችኋል፤ ያሳደጉኝን እህቴን የገዘትሁ እኔ ነኝ። ገበዙን ፈርቼ፣ ሽማግሌዎቹን ፈርቼ፣ ደብሩ እንዳይከፈል ብዬ፣ ይህን ሁሉ ሰበብ ለራሴ ስደረድር ኖሬአለሁ፣ ዛሬ አንዱም አይቆምልኝም።

ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ እመት ዘነበች በየእሑዱ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከፈንታነሽ ጋር ቆመው አስቀድሰዋል፤ ዝናብም ፀሐይም አላስቀራቸውም። ልጆቻችሁ እመት ግርሻ እያሉ ሲጠሯቸው አቤት ይሉ ነበር። በየዓመቱ በፋሲካ ዋዜማ ሽማግሌ ይላክባቸውና ያችን አንዲት ቃል ብቻ በሉ፣ አገረሸችበት በሉና ግቡ ይባሉ ነበር፤ እርሳቸውም በየዓመቱ አገረሸበት ብለው ሽማግሌውን ይሸኙ ነበር። ሚያዝያ ላይ የተወለደችውን የእሸቴን ልጅ ሙሉን ክርስትና ለማስነሣት ፈንታነሽን በእግር ሦስት ሰዓት ወደሚያስኬድ ሌላ ደብር ልከዋታል።

በእነዚያ ሰባት ዓመታት ከጠበላችን ተመልሶ የሚያገረሽበት ሰው አላየንም። አዲሱ ጎጆ ከላይ ከጉብታው ላይ በእንጨት ተማግሮ ተሠራ፣ ግድግዳውም በየዓመቱ ሰኔ ላይ ስንጥቁ እስኪደፈን በእበትና በአመድ ይመረጋል፣ ማንም ጠበልተኛ ጀርባውን ለግድግዳ አይሰጥም። ይህንንም የገበዝ ሥርዓት ብላችሁ ትጠሩታላችሁ። ገበዝ ፈንታሁን እዚያ ዋንዛው ሥር ተቀምጠዋል፣ ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው ይሰማል፤ ሥርዓቱን ማን እንዳስተማራቸው እኔም እርሳቸውም እናውቃለን። ምክራቸውን ወስደን ስማቸውን ከደጅ አስቀረነው።

ካለፈው ኅዳር ጀምሮ እግራቸው እያበጠ፣ ትንፋሻቸውም እያጠረ ሄደ። መሞቻቸው መቅረቡን ባወቅሁ ጊዜ ሥጋ ወደሙን ላቀብላቸው፣ ግዝቱንም በሹክሹክታ ልፈታላቸው ብቻዬን ወደ ቤታቸው ሄድሁ፤ ቃሉንም መናገር አያስፈልግዎትም፣ እኔ እንዳሉ አድርጌ ለሽማግሌዎቹ እነግራቸዋለሁ አልኋቸው። ፈንታነሽ ትራሳቸውን ደግፋ ይዛ ነበር። ቁጣ አልነበረባቸውም። «በደጅ የታሰርሁትን በጓዳ አልፈታም፤ እኔ ጎድሎብኝ ልሙት፣ ይህችን ልጅ ግን እንዲህ አድርገህ ጥለሃት እንዳትሄድ» አሉኝ። ያን ቀን ከቤታቸው ወጥቼ እስከ ወንዙ ድረስ አለቀስሁ። እመት ዘነበችም ትናንት፣ ጥር አራት ቀን ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በተወለዱ በስድሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥጋ ወደሙን ሳይቀበሉ ሞቱ፤ ይህም በእኔ አንገት ላይ ነው።

ትናንት ማምሻውን ግዝት ያለባት ሴት ከቅጥር ውጭ ትቀበር ያላችሁ ነበራችሁ። መቃብሩን ከእሸቴ መቃብር ጎን ያስቆፈርሁት እኔ ነኝ፤ አፈሩን ልመልስ የሚል ዶማውን ከእኔ እጅ ይቀበል።

ከኋላቸው የቀሩት፣ ልጃቸው ዓለሚቱ ጌጡ በገሳይ ከባሏና ከአራት ልጆቿ ጋር፤ የልጅ ልጃቸው ሙሉ እሸቴ፤ ልጃቸው ፈንታነሽ፤ ምራታቸው ናት ብሎ የሚያርመኝ እንዳይኖር፣ እርሳቸው ልጄ ብለዋታልና፤ እኔም ታናሽ ወንድማቸው።

እንግዲህ እኔ ገብረሥላሴ በዘመነ ዮሐንስ በዚህ ደጅ ቆሜ የገዘትሁትን ግዝት፣ ዛሬ በዚሁ ደጅ፣ በዚያው አፌ፣ ሕዝብ እየሰማ ፈትቻለሁ። ፈንታነሽ በባሏ ሞት እጇ የለበትም፣ ኖሮበትም አያውቅም። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቅጥር ገብታ ከሴቶች ፊት ትቆማለች፤ ያን ቃል በእርሷ ላይ የሚናገር በእኔ ላይ እንደ ተናገረ ይቁጠረው።

የአብርሃም፣ የይስሐቅ፣ የያዕቆብ አምላክ፣ ደጅህን ስንዘጋባቸው በደጅህ ቆመው ያስቀደሱትን የአገልጋይህን የወለተማርያምን ነፍስ እኛ ያላስገባናትን አስገባት፣ ከልጃቸው ከእሸቴም ጋር አገናኛት። የፍትሐት ሥርዓት ካህኑ ሟቹን ይፍታ ይላል፤ እኔ ግን መስቀሌን ላነሣ እጄን ስዘረጋ የታሰርሁት እኔ ሆኜ አገኘሁት። እቴቴ፣ ይፍቱኝ።